ርካሿ የዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ በአሮጌ ላፕቶፕ (ቪዲዮ ለሚቆራረጥባችሁ)

ባህር ዳር ላይ ሰርግና ምርቃት የምትቀርፁ፣ ጉባኤ ላይቭ የምታስተላልፉ ልጆች ይቺን ፍላሽ የምታክል ካፕቸር ካርድ (የካሜራውን ምስል ወደ ኮምፒውተር የምታስገባዋን) ታውቋታላችሁ። እኔ አራተኛ ትውልድ ኮርአይ5 ላፕቶፕ ላይ ነው የምሰራባት፣ ብዙ ሰው ትቆራርጣለች እያለ ሲጥላት ሳይ ስለሚያናድደኝ ነው የምፅፈው። ካርዷ ለብሯ ጥሩ ናት፣ የሚዋሸው ካርቶኑ ነው።

ካርቶኑ 4ኬ እና ዩኤስቢ 3.0 ይላል። 4ኬ ብትቀበልም ለኮምፒውተሩ የምትሰጠው ቢበዛ 1080ፒ ነው፣ መሰኪያዋ ሰማያዊ ቢሆንም ውስጧ ዩኤስቢ 2.0 ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ያልታመቀ 1080ፒ በ30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል ማለት ነው) በሰከንድ 124 ሜጋባይት ገደማ ይፈልጋል፣ ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ በወረቀት እንኳ ከ60 አያልፍም። ስለዚህ ኦቢኤስ (መቅረጫና ላይቭ ማስተላለፊያ ፕሮግራሙ) ላይ ቪዲዮ ፎርማቱ ዋይዩዋይ2 (ያልታመቀው) ከሆነ በ1080ፒ የምታገኙት 5 ፍሬም ነው፣ እስክስታው ሁሉ ፎቶ በፎቶ ይሆናል። እዚያው የካርዷን ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ ሪዞሉሽኑን ከስተም አድርጉና ፎርማቱን ኤምጄፔግ (የታመቀው) በሉት፣ ወዲያው ነው ልዩነቱ የሚታያችሁ።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የፍሬም ቁጥሩን ነው። እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው ብዙ ጊዜ ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስርዓት ላይ ነው የሚደረገው፣ ምስሉ በ25 ወይ በ50 ይወጣል፣ ኦቢኤሱ 30 ላይ ከሆነ ከ25ቱ ላይ በየሰከንዱ 5 ፍሬም እየደገመ ይሞላል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ላይ አይታወቅም፣ ጣና ዳር ሙሽሮቹን ይዛችሁ ካሜራውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ሀይቁ ስታዞሩ ግን ታንኳዋ ቆም ሄድ ቆም ሄድ ትላለች። ካርዷንም ኦቢኤሱንም 25 አድርጉት በቃ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ከቆረጠ ኦቢኤስ ውስጥ ስታትስን ክፈቱ። የኢንኮዲንግ ላግ (ቪዲዮውን ሲያምቅ የመዘግየት) ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ሲፒዩው ነው ያቃተው፣ ኪዊክ ሲንክ (በኢንቴል ግራፊክስ የሚያምቀው) ካለ እሱን ምረጡ፣ ከሌለ ኤክስ264ን (በሲፒዩ የሚያምቀውን) አልትራፋስት አድርጉና ወደ 720ፒ ውረዱ። ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ከቆረጠ ፖርቱን ጠርጥሩ፣ ሀብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ካለ አውጡ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን በሌላኛው ጎን ሰኩ። ቻርጀሩም ይሰካ፣ ፋኑም አቧራው ይነሳለት፣ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ያዘገያል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ አዲሱን ኦቢኤስ አትድከሙበት፣ ለእናንተ የመጨረሻው 27.2.4 ነው።

ለላይቭ ያለ ሃሳብ ግዟት። ለዋናው የሰርግ ፊልም ግን አልመክርም፣ ኤምጄፔግ የጥልፉን ቀለም ያደበዝዘዋል፣ እሱ ካሜራው ሜሞሪ ላይ ይቀዳ።