የሲጋር ሣጥን ጊታር፦ ፍሬት ያለው ወይስ የሌለው?

ከሲጋር ሣጥንና ከአንድ ዘንግ እንጨት ጊታር ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ አንገቱ ላይ ፍሬት፣ ማለትም የድምፆቹን ቦታ የሚለዩ ቀጫጭን አግድም ብረቶች፣ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለውን መወሰን አለበት።

ፍሬት የሌለው በአንድ ቀን ያልቃል። የድምፆቹን ቦታዎች በእርሳስ አስምሮ፣ ክሮቹን ከእንጨቱ ከፍ አድርጎ መወጠር፣ ከዚያም የጠርሙስ አንገት ጣት ላይ አጥልቆ ማንሸራተት ነው። ሦስቱ ክሮች ሶል፣ ሬ፣ ሶል ከተቃኙ ጠርሙሱን አግድም ማሳረፍ ብቻ ኅብረ ድምፅ ይሰጣል። ታዲያ የሚያርፈው ልክ መስመሩ አናት ላይ ነው፤ እስክለምደው ድረስ ቤተሰቤ ብዙ ታግሦኛል።

ፍሬት ያለው ስሌት ይፈልጋል። የክሩ ርዝመት 635 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ የላይኛው ጫፍ 35.6 ሚሊሜትር ላይ፣ 12ኛው ደግሞ እኩሌታው ላይ ይውላል። መጋዙ አንድ ሚሊሜትር ከሳተ ጆሮ ወዲያው ይታዘባል። ዜማን በጣት ነጥሎ ለመጫወት ግን የሚተካከለው የለም። እኔ ሁለተኛው ጊታሬ ላይ ነው የሞከርኩት፤ ሦስተኛው ፍሬት እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።