ፍራፍሬ ለማይወድ ሰው ብሌንደር ይረዳል? ከ7 ወር በኋላ

ፓፓያ ገና ሲቆረጥ ሽታው ከወጥ ቤት ያስወጣኛል። ሙዝ አፌ ውስጥ ሲልሞሰሞስ ያቅለሸልሸኛል፤ የማንጎ ክር ጥርሴ መሀል ሲገባ አልወድም። ብርቱካን እንኳ ጭማቂውን መጥጬ ገለባውን ነው የምተፋው። እንዲህ እያለሁ ሐኪም "ደምሽ አንሷል" አለኝና ኪኒን አዘዘልኝ፤ ከምግብ ጋር ፍራፍሬ እንድበላ፣ ሻይና ቡናን ግን ከምግብ ሰዓት እንዳርቅም መከረኝ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን፣ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ሰውነታችን እንዲወስደው ቫይታሚን ሲ ያግዛል፤ ሻይና ቡና ያግዱታል።

ባለ 500 ዋት፣ 1.5 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጆግ ያለው ብሌንደር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ወር ጁስ ቤት የለመድኩትን ስፕሪስ ስሠራ ከረምኩ፤ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ከላይ ቪምቶ፣ ስኳርም ሁለት ማንኪያ። ይጣፍጣል። ግን ስኳሩን ያስቀረሁ ቀን መጠጣት አቃተኝ፤ ለካ ፍራፍሬውን ገና አልለመድኩትም ነበር።

መንገዱን ያቃናልኝ ዘይቱን (ጓቫ) ነው። በ100 ግራም ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ብርቱካን 50 አካባቢ ነው። ሁለት የበሰለ ዘይቱን፣ ግማሽ ሙዝ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ትንሽ ውኃ፤ በቃ። የውስጡ ጥቃቅን ፍሬ ጠንካራ ስለሆነ ማሽኑ አያደቀውም፣ በወንፊት አጠላዋለሁ። ሌላውን ግን አላጠልም፤ አሰሩ ሲጣል ጥቅሙም አብሮ ይጣላል። ለፓፓያ ሽታ ሎሚና ቁራጭ ዝንጅብል ጨምሩበት፣ ያጠፋዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አቮካዶ በሹካ ፈጭቼ፣ ጨው፣ ሎሚና የተከተፈ ቃሪያ አድርጌ በዳቦ እበላለሁ። አቮካዶም ፍራፍሬ ነውና፣ ጣፋጭ ለማይወድ ሰው ከዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። በ4ኛው ወር ከምላጩ ሥር ያለው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ላልቶ ማፍሰስ ጀመረ። ጠጋኝ ጋ ወስጄ አስቀየርኩት፤ እስካሁን ደህና ነው። በረዶ የሆነ ማንጎ ስፈጭበት የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ደቂቃ በላይ በተከታታይ አላስነሳውም። ድምፁ ከባድ ነው፣ ሕፃን ያለበት ቤት ማለዳ አይሆንም። የማንጎ ሽታም ፕላስቲኩን አይለቅም፤ ስለዚህ ባለ ብርጭቆ ጆጉን ግዙ። ሲጨርስ ወዲያው ለብ ያለ ውኃና ጠብታ ሳሙና አድርጋችሁ አስነሱት። አቮካዶ ከደረቀበት መከራ ነው።

አሁን ያለ ስኳር በቀን አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው፣ አትክልትን ጨምሮ በቀን 400 ግራም፣ ገና ሩቅ ነኝ። ደሜ ከፍ ብሏል፤ ኪኒኑንም ስለዋጥኩ ግን ምስጋናውን ለጁሱ ብቻ አልሰጥም። ባለፈው ሳምንት አንድ ዘይቱን ሳልፈጨው እንዳለ ገምጬ ጨረስኩት። ሙዝ ብቻውን ግን እስካሁን አልቻልኩም።