የቫይታሚን ኤ እንክብል ወይስ ብርቱካናማው ስኳር ድንች?

ሲመሽ ከዕቃ ጋር የሚጋጭ ሕፃን ካያችሁ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንዱ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው።

እንክብሉ ፈጣን ነው። ጫፉ በመቀስ ይቆረጥና ፈሳሹ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ይጨመቃል፤ አለቀ። ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት ሰማያዊው፣ ከዚያ በኋላ 5 ዓመት እስኪሞላቸው ቀዩ፣ በየ6 ወሩ። ለነፍሰ ጡር ግን ይህ ከፍተኛ መጠን ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል አይሰጥም።

ለእሷ የሚደርስላት ምግቡ ነው። ሲዳማ ውስጥ የሚተከለው ውስጡ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ለእናትም ለልጅም ይሆናል። ነጩ ግን አይተካውም። ተቀቅሎ ሲደፈጠጥ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ይደረግበት፤ ያለ ቅባት ሰውነት ቫይታሚኑን በደንብ አይወስደውም። ለሕፃኑ እንክብሉ መቅረት የለበትም፤ ለእናትየው ግን እኔ የጓሮውን ስኳር ድንች እመርጣለሁ። የሚያሳስበኝ ድርቁ ነው፤ ሲከፋ ለተከላ የሚሆነው ሐረግም ይደርቃል።