አራት ጊዜ እምቢ ላሉኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሥራ ስለሠሩልኝ ብቻ አይደለም። አራት ጊዜ «አይሆንም» ብለው ስለመለሱኝም ጭምር ነው።

ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ እንዳላወጣ ለምነውኛል። ለገጣፎ ነው የሚኖሩት። የሚሠሩት ከጓሮ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ነበሩ። አሁን የሰፈሩን ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ የሚኖረው ወንድሜ ትልቅ የሪሞት አውሮፕላን ላከልኝ። አየር ላይ የሚገለባበጠው፣ የትርኢት የሚባለው ዓይነት ነው። ቅርፁ ኤክስትራ 300 ከሚባለው እውነተኛ አውሮፕላን የተወሰደ ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ይሆናል። ነዳጅ ሳይሞላ 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ሞተሩ 55 ሲሲ ነው፤ እንደ ድሮ ቬስፓ ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚጠጣ። ለ3 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። ፕሮፔለሩ 23 ኢንች ነው። ሰው «መጫወቻ» ሲለው ዝም እላለሁ፤ ይሄ መጫወቻ እጅ ይቆርጣል።

ከዚህ በፊት ትንንሽ የፎም አውሮፕላኖች ለዓመታት አብርሬአለሁ። ስለዚህ ራሴ እገጥመዋለሁ ብዬ ጀመርኩ። ጊዜ ሲያጥረኝ ለአንድ ልጅ ከፍዬ አስጨረስኩት። ሲታይ አምሮ ነበር። ጋሼ ጋ የወሰድኩትም «ሞተሩን ብቻ ያስነሱልኝ» ብዬ ነው።

አላስነሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው።

«ፈቃድ አለህ?»

የለኝም።

«እንግዲያው ይዘህ ስትመጣ እናወራለን።»

የመጀመሪያው እምቢታ ይሄ ነው። እውነታቸውን ነው። በሪሞት የሚበር ነገር እዚህ አገር ዝም ተብሎ አይነሳም፤ ያውም ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ ዳር። የወረቀቱን ሩጫ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። ብቻ ሳልይዝ አልተመለስኩም።

ስመለስ አውሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። የጅራቱን መሪ በሁለት ጣት ይዘው ነቅነቅ አደረጉት። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። እኔ ወራት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

«ይሄ ሰማይ ላይ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል» አሉ።

ፍላተር የሚባለው ነገር ነው። መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ልቅነት ካለ፣ ፍጥነት ሲጨምር መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከጀመረ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ተገንጥሎ ይሄዳል። ቀጥለው ሰርቮዎቹን አዩ። መሪዎቹን የሚገፉና የሚጎትቱ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። ልጁ የሰርቮዎቹን ክንድ ጠማማ ገጥሞ፣ በሪሞቱ ሴቲንግ መሪው ቀጥ እንዲል አድርጎታል። ጋሼ ይሄን ሲያዩ ተናደዱ። «ጠማማውን ደበቀው እንጂ አላቃናውም» አሉ። ሁሉንም ፈቱ። እያንዳንዱ ክንድ ከሚገፋው ዘንግ ጋር ልክ 90 ዲግሪ እስኪሠራ ድረስ ደጋግመው ገጠሙ። እኔ ካቻቢቴና ፒንሳ እያቀበልኩ ቆሜ እመለከታለሁ።

ማጠፊያዎቹን እንደገና ሲያጣብቁ የሚታጠፈው ቦታ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ሙጫው ገብቶ እንዳያደርቀው ነው። ቫዝሊኑ የባለቤታቸው ነው። «ደግሞ ወሰድከው?» የሚል ድምፅ ከትልቁ ቤት ሰምቻለሁ። ጋሼ አልመለሱም።

ከዚያ የነዳጁ ቱቦ ላይ ደረስን። የተገጠመው ሲልከን ነበር። ሲልከን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ትክክለኛውን ቱቦ ወንድሜ እስኪልክ ሦስት ሳምንት ፈጀ። «ለአንድ ቀን በዚሁ እንሞክረው» ብዬ ለምኜ ነበር። እምቢ አሉ። ሁለት።

ሦስተኛው ሚዛን ላይ ነው። ታንኩን ባዶ አድርገው አውሮፕላኑን ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ጅራቱ ወረደ። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አንዴ ከተነሳ ሰው አይሰማም። እኔ ቶሎ ብዬ አፍንጫው ላይ ክብደት እንዲሆን የእርሳስ ብረት እንለጥፍ አልኩ። «በከበደ ላይ ሸክም አትጨምር» አሉኝ። ባትሪዎቹን ከመሀል አውጥተው ወደፊት፣ ሞተሩ ከታሰረበት ሳጥን ላይ አሰሯቸው። ቀጥ አለ። አንድ ግራም እርሳስ አልገባም።

የተሸበሸበውን ሽፋን በካውያ ሲያቃኑ ስለ ፀሐይ ያወሩኛል። እንደ ፈረንጆች በ1935 እዚሁ ስለተሠራችው አውሮፕላን ማለቴ ነው። ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው ያስረከበን። «ያኔ ኮምፒውተር የት አለ? በእጅና በዓይን ነው» ይላሉ። ካውያዋን ግን ከወሬው በላይ ይከታተላሉ፤ ትንሽ ከቆየች ሽፋኑን ትበሳዋለች።

በጣም የወደድኩት ትምህርታቸው ስለ አየሩ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እኛ ያለንበት ደግሞ ከዚያም በላይ። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይጠፋል። ጋሼ ጅራቱን ከባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር አሰሩት። ሞተሩን አስነስተው፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ ቆመው፣ ማስተካከያዋን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። ጥብቅ እንዳትሆንም ይጠነቀቃሉ፤ ቤንዚን ካነሰ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ድምፁ ሲጠራ እኔም ሰማሁት።

ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊትም ሆነ ጎን ለጎን ማንንም አያስቆሙም። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለው ነው ያዩት።

ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ጋዙን ግማሽ ላይ አድርጌ ሪሞቱን እንዳጠፋ አዘዙኝ። የጋዙ ሰርቮ ካለበት አልነቃነቅም አለ። «አየህ? ሪሞትህ ቢጠፋ ይሄ በግማሽ ጋዝ የሰው ቤት ይገባል።» ፌይልሴፉን አብረን አስተካከልን። አሁን ግንኙነት ሲቋረጥ ጋዙ ራሱ ይዘጋል። በእውነት ለመናገር፣ ለዚች ብቻ እንኳ እጃቸውን ብስም አይበዛባቸውም።

አራተኛው እምቢታ ግን አስኮርፎኛል። ከሰንዳፋ ወዲያ ፈቃዱ ላይ ያለ አንድ የግጦሽ ሜዳ አለ። ጓደኞቼን ጠርቻለሁ፣ ቡናና ዳቦ ተይዟል። እኔ እንቅልፍ ጥሎኝ ሜዳው ላይ የደረስነው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሣሩ መተኛት ጀምሯል። ጋሼ ነፋሱን አዩና ወደ መኪናው ተመለሱ። «ዛሬ ቡና ጠጥተን እንሄዳለን።» ጠጥተን ሄድን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያው ነበርን። ነፋስ የለም። ክንፎቹን ገጠምን፣ ግንኙነቱ እንደማይቋረጥ ለማየት ሪሞቱን በዝቅተኛ ኃይል አድርጌ 30 እርምጃ ርቄ ሞከርኩት፣ የመሪዎቹንም እንቅስቃሴ በሪሞቱ ትንሽ እንዲሆን አደረግኩት። ተነሳ። ቀጥ ብሎ እንዲበር ትሪም የሚባለው የሪሞቱ ማስተካከያ ሁለት ጠቅታ ብቻ ነው የፈለገው። መገለባበጥ አልሞከርኩም፤ ተከልክያለሁ። ስድስት ደቂቃ ዞርኩና ለማረፍ መጣሁ። በስስ አየር አውሮፕላን በፍጥነት ነው የሚያርፈው፤ «አትጎትተው፣ ይምጣ» እያሉ ከኋላዬ ቆመዋል። መጣ። ሁለቴ ነጥሮ ቆመ።

እኔ እጄን አንስቼ እጮሃለሁ። ጋሼ «አጥፋውና ብሎኖቹን እንይ» አሉ። የማርሚታው አንድ ብሎን ላልቶ ነበር።

እንግዲህ ሞዴል አውሮፕላን ያላችሁ፣ ወይም ጄኔሬተራችሁ ያስቸገራችሁ፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስልካቸውን ፈቅደውልኝ እሰጣለሁ። ከሚያስቸኩላቸው ሰው ጋር አይሠሩም፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም። የጠየቁኝ ገንዘብ ለመጀመሪያው ልጅ ከከፈልኩት ያንሳል። ልጨምር ብል አልተቀበሉም። ስትሄዱ ግን አንድ ቫዝሊን ያዙ። ለእሳቸው አይደለም፣ ለእትዬ ነው።