የብር ፎይልና የብር ቅጠል ለብርጭቆ ዶቃ ሥራ፦ ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በሐዋሳ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በግቢዬ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በጋዝ ነበልባል ብርጭቆ እያለሰለስኩ ዶቃ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ዶቃዎቼን በብር ማስጌጥ ስጀምር ሦስት ዓይነት ዕቃ ሞክሬአለሁ። አንደኛው እዚሁ አገር ከአንድ ነጋዴ «የብር ወረቀት» ተብሎ የተሸጠልኝ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንዲት ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣችልኝ ባለ 25 ሉህ የብር ቅጠል ደብተርና አንድ ፖስታ የብር ፎይል ናቸው። በሁለቱ ላይ የንጹሕ ብር ምልክት የሆነው 999 ተጽፎባቸዋል። ከእኔ ጋር ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ፤ እነርሱ የሚተነፍሱት አየር የእኔ ኃላፊነት በመሆኑ ዕቃዎቹን የመዘንኳቸው በመጀመሪያ በደኅንነት፣ ቀጥሎ በውጤት፣ በመጨረሻም በዋጋ ነው። በቋንቋችን ማዕድኑም ገንዘቡም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ በዚህ ጽሑፍ ብር ስል ሁልጊዜ ማዕድኑን ማለቴ እንደሆነ አንባቢ ይረዳልኝ።

ቅጠሉና ፎይሉ ማዕድናቸው አንድ ቢሆንም በእጅ ሲያዙ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቅጠሉ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ስለሚያንስ ጣት ሲነካው ተለጥፎ ይበጣጠሳል፣ በትንፋሽ ይነሣል፣ በወረንጦ ሲይዙትም ተጨማትሮ ይቀራል። ፎይሉ ግን ከእርሱ በርካታ እጥፍ ስለሚወፍር በመቀስ ይቆረጣል፣ በወረንጦ ይነሣል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡትም ካስቀመጡበት አይንቀሳቀስም። ይህን ልዩነት መጀመሪያ የምቾት ጉዳይ ብቻ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። የተሳሳትኩ መሆኔን ያወቅሁት ግን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በመስኮት ገብቶ ሦስት ቅጠሎችን በተከታታይ ከጠረጴዛዬ ላይ ባነሣብኝ ቀን ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እትዬ፣ መስኮቱን ልዝጋው? ፋኑንም ላጥፋው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለቅጠሉ ሳስቼ «እሺ፣ ዝጊው» አልኳት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሠራን በኋላ ሁለታችንንም ራሳችንን አመመን፤ እርሷም አፏን ብረት ብረት እንዳላት ነገረችኝ። ዛሬም ድረስ የምጸጸትበት ውሳኔ ነው። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች የሚባሉ መርዛማ ጋዞችን ያከማቻል፤ በዚያ ላይ ከነበልባሉ የሚነሣው የብር ትነት ይጨመርበታል።

በእኔ ግምት የብር ቅጠል ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ዕቃው በራሱ ከፎይሉ የበለጠ መርዛማ ሆኖ ሳይሆን፣ እጅግ ቀላል በመሆኑ ሠራተኛው አየር ማስወጫውን እንዲያጠፋ ስለሚገፋፋው ነው። ፎይሉን በምጠቀምበት ጊዜ ግን ፋኑ ሙሉ ኃይሉን ይዞ እየሠራ፣ መስኮቱም ተከፍቶ፣ ሥራው አይስተጓጎልም። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሌላ ምክንያት ሳልጨምር ፎይሉን የምመክረው በዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት ብር በእሳት ውስጥ ምን እንደሚሆን መናገር ያስፈልጋል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የዶቃ ሠሪ ነበልባል ሙቀት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የብር መፍያ 2162 ዲግሪ ቢሆንም ማንኛውም ፈሳሽ ከመፍላቱ በፊት እንደሚተን ሁሉ፣ ሳይሸፈን በቀጥታ ነበልባል ውስጥ የቆየ ብርም ይተናል። ከትነቱ ከፊሉ በብርጭቆው ላይ ተመልሶ ሲያርፍ ቢጫ ጥላ ይጥላል፤ ይህን ጥላ ለውበቱ ሲሉ ሆን ብለው የሚያመጡት ባለሙያዎች አሉ። የቀረው ግን አየር ላይ ቀዝቅዞ በዓይን ወደማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ይለወጥና ከእስትንፋስ ጋር ይገባል። ለረጅም ጊዜ በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ብር አርጂሪያ የሚባለውን፣ ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ለውጦ የማይለቅ ችግር ያስከትላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ አድርጎ የፈቀደው ከፍተኛ የብር መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። የእኔ የሥራ ክፍል 27 ሜትር ኩብ ያህል ስለሚሆን፣ ክፍሉ ተዘግቶ ከሆነ 0.27 ሚሊግራም ብር ከዚህ ወሰን ያደርሰዋል ማለት ነው። ይህም ከአንድ ሉህ ቅጠል እጅግ ጥቂቱ ክፍል ነው።

ከዚህ የተነሣ ፎይሉን የምጠቀመው ብሩ ከነበልባሉ ጋር በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜ እንዲገናኝ አድርጌ ነው። ዶቃውን በማይዝግ ብረት ሽቦ ላይ ከቀረጽኩት በኋላ ከእሳቱ አውጥቼ ቅላቱ እስኪጠፋ ጥቂት እጠብቃለሁ፤ ከዚያም አስቀድሞ ተቆርጦ በግራፋይት ሰሌዳ ላይ በተዘረጋው ፎይል ላይ አንከባልለዋለሁ። ፎይሉን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በግራፋይት መዳመጫ እየተጫንኩ አለሰልሰዋለሁ፤ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ከተጫኑት በታች አየር ይታፈንና በኋላ አረፋ ይሆናል። ቀጥሎ ጥርት ያለውን ቀለም የሌለው የብርጭቆ ዘንግ በነበልባሉ ውስጥ አለስልሼ፣ ዶቃውን ራሱን ግን ከነበልባሉ በታች አድርጌ፣ ብሩን በለሰለሰው ብርጭቆ እንደ ልብስ እሸፍነዋለሁ። ብሩ አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ዶቃውን ወደ እሳት መመለስ አያሳስብም። ፎይሉ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይችላል። ቅጠሉ ግን ዘንጉ እስኪለሰልስ እንኳ ሳይቆይ ነበልባሉ ዳር ሲደርስ ብቻ እየጠፋ ሦስት አራት ጊዜ በላዩ እንድደርብ አስገድዶኛል፤ ያ የጠፋው ብር ወዴት እንደሄደ ካወቁ በኋላ መደረቡ ደስ አይልም።

ወደ መጀመሪያው ዕቃ ልመለስና፣ «የብር ወረቀት» ተብሎ የተሸጠልኝ ነገር ብር አልነበረም። ነበልባል ሲነካው ወዲያው ደብዝዞ አመድማ ቅርፊት ሆነ፤ በዶቃው ላይም አልተለጠፈም። በብር ቀለም የሚሸጡ ብዙ ሉሆች ከአልሙኒየም የተሠሩ ናቸው፤ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ለዚህ ሥራም አይሆንም። ከእርሱ የባሰው ግን ወርቃማ መልክ ይዘው የሚሸጡት የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሉሆች ናቸው፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ጭሱን የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት በትኩሳት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ሉህ ወደ እሳት ከማቅረቤ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አደርግለታለሁ፦ ትኩስ የተቀቀለ እንቁላል ልጬ፣ ለሁለት ከፍዬ፣ ከሉሁ ቁራጭ ጋር ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬ ለጥቂት ሰዓታት እተወዋለሁ። ከአስኳሉ የሚወጣው የድኝ ጋዝ እውነተኛውን ብር ያጠቁረዋል፤ አልሙኒየሙን ግን አይለውጠውም። ዘመዴ ያመጣቻቸው ሁለቱም ዕቃዎች ይህን ፈተና አልፈዋል።

ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ እዚሁ ማስቀጥቀጥ አይቻልም ወይ ለሚል ጥያቄም መልስ አለኝ፤ ምክንያቱም እኔም ሞክሬዋለሁ። በዕድሜ የገፉ አንድ አንጥረኛ ጋር ሄጄ ሳማክራቸው፣ «ልጄ፣ ጠገራ ብር ካመጣሽልኝ እንደ ወረቀት አሳስቼ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ሙያቸውን በእጅጉ አከብራለሁ፤ አሳስተው ያሳዩኝ ቁራጭም የሚያስደንቅ ነበር። ይሁን እንጂ 1780 የሚለውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ይዞ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲገበያዩበት የኖረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ከፍ የሚል ክብደት ሲኖረው፣ የብር ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንዲህ ያለው የብርና የመዳብ ቅይጥ በ779 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል፤ መዳቡም በእሳት ሲቃጠል ጠቁሮ የዶቃውን ጥራት ያበላሻል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ ከአሮጌ ጌጣጌጥ ስብርባሪ የሚሠራው ሉህ ነው። አንዳንድ የቆየ የብር መበየጃ ካድሚየም ይኖርበታል፤ ካድሚየም በ767 ዲግሪ ይፈላል፣ ጭሱም ሳንባን አቁስሎ ሊገድል ይችላል። ብየዳ የነካው ብር በእኔ ክፍል ውስጥ ወደ ነበልባል አይቀርብም። አንጥረኛውም ይህን ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝና ጠገራውን መልሰው ሰጡኝ፤ ልክ ነሽም አሉኝ። ያ ጠገራ የአያቴ ስለነበር ሳይቀጠቀጥ መትረፉ በራሱ አስደስቶኛል።

በውጤት ረገድ ሁለቱም ዕቃዎች የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ፎይሉ በሰማያዊ ወይም በሐምራዊ ብርሃን አስተላላፊ ብርጭቆ ሲሸፈን ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል፤ ማለዳ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚታየውን ዓይነት ነጸብራቅ ይሰጣል። በቀጥታ ጥርት ባለ ብርጭቆ ሲሸፈን ግን አልፎ አልፎ ጠርዙ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይህም ብሩ ወደ ብርጭቆው ዘልቆ በመግባቱ የሚመጣ ሲሆን፣ የአውሮፓ ካቴድራል መስኮት ሠሪዎች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቢጫ ቀለም ያገኙበት ባሕርይ ነው። ቅጠሉ ከፎይሉ የሚበልጥበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የዝሆን ጥርስ ቀለም ባለው ብርጭቆ ላይ ነው። ይህ ብርጭቆ ድኝ ስላለበት ከብሩ ጋር ሲገናኝ ቡናማና ጥቁር የሆኑ ደቃቅ መስመሮች ያወጣል፤ መስመሮቹም የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ይመስላሉ። ፎይሉ ለዚህ ሥራ ይወፍራል፣ እድፍ የመሰለ ነገርም ያስቀራል። ለፊቼ ጨምበላላ በዓል የዶቃ ትእዛዝ ሲመጣልኝ ሰዎች የሚወዱት ግን ደማቁንና የሚያበራውን ስለሆነ፣ አብዛኛው ሥራዬ በፎይሉ ነው።

ብር ገዝቶ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ከብሩ በፊት መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማዬ ጎደሎ ይሆናል። አየር ማስወጫው ከነበልባሉ ጀርባ ሆኖ ጭሱን ከፊት ወደ ውጭ መሳብ አለበት፤ ከራስ በላይ የተሰቀለ ፋን ጭሱን በሠራተኛው አፍንጫ በኩል አሳልፎ ስለሚወስድ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ከጀርባችን ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍት ቦታም ያስፈልጋል። በከተማችን መብራት ሲጠፋ ፋኑ ስለሚቆም በእኔ ክፍል ያለው ደንብ ጥብቅ ነው፦ የተጀመረው ዶቃ ቢበላሽም እንኳ በመጀመሪያ ነበልባሉ ይጠፋል። የጨርቅ ማስክ የብረት ጭስ አያስቀርም፤ ፒ100 የሚባለው ማጣሪያ ደቃቅ ቅንጣቱን ያስቀራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያግድም፤ ስለዚህ የፋን ምትክ አይሆንም። የጋዙ ሲሊንደር ከቤት ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፣ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና አረፋ መፈተሽ ያስፈልጋል። ኦክስጅን የሚጠቀሙ ደግሞ ቅቤ ወይም ዘይት የነካው እጅ የኦክስጅን መጋጠሚያን ፈጽሞ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ቅባትና ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ እሳት ይነሣል። እኛ ጋ ቅቤ የተቀባ ራስ የተለመደ ስለሆነ ይህን ለልጆቹ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ፀጉር ይሸፈናል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ነጠላም በሩ ላይ ይሰቀላል።

በዋጋ ረገድ አንድ ሉህ ፎይል ከአንድ ሉህ ቅጠል ከሦስት እጥፍ በላይ አስከፍሎኛል። ሆኖም ከቅጠሉ ደብተር ግማሽ ያህሉ በነፋስና በእሳት ባክኖብኛል፤ ከፎይሉ ግን የመቀስ ቁርጥራጩን እንኳ በክዳን ዕቃ አስቀምጬ ለትንንሽ ዶቃ ተጠቅሜበታለሁ። ስለዚህ በተጠናቀቀ ዶቃ ሲሰላ ፎይሉ አልተወደደብኝም። በሚቀጥለው ጊዜ የማስመጣው ሁለት ፖስታ ፎይል ነው፤ የቅጠል ደብተር አልጨምርም።

ከደብተሩ የቀሩኝን ዘጠኝ ቅጠሎች የዝሆን ጥርስ ቀለም ላላቸው ዶቃዎች አቆይቻቸዋለሁ። ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ከነበልባሉ ርቆ በሚገኝ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ስስ ወረቀት መካከል ሳላወጣቸው በመቀስ እቆርጣቸዋለሁ፤ ቁራጮቹንም ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ አድርጌ አንድ በአንድ አወጣለሁ። ፋኑም እየሠራ ነው።