ወደ መተማ ከመውረድ በፊት፦ በአዘዞ መውጫ ስላለው የጎማና የራዲያተር ቤት

ከጎንደር አዘዞ ተነስቶ ወደ መተማ የሚወርድ ሹፌር ጠዋት ጃኬቱን ቆልፎ ይጀምራል፤ ከመተማ በፊት ያለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ሲደርስ ሸሚዙ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጭልጋ ደጋ፣ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው የመተማ ቆላ ይወረዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። ሹፌሩ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጥላ ይፈልጋል። መኪናው ግን በጎንደር ብርድ የተነፋለትን ጎማና በጎንደር የተሞላለትን ውሃ እንደያዘ ነው የሚወርደው። በአዘዞ መውጫ፣ ወደ ጭልጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሚገኘው የጎማና የራዲያተር ቤት ለመጻፍ የተነሳሁት ይህን ጉዳይ ከልቡ የሚያስብበት ሌላ ቤት በከተማችን ስላላየሁ ነው።

ቤቱን ያወቅሁት በችግር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሚያዝያ ወር ከገንዳ ውሃ ሰሊጥ ጭኜ ስመለስ የጭልጋን ዳገት ሳላጋምስ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ዳር ይዤ ሳቆም ሞተሩ ይፈላ ነበር። ከዚያ ጉዞ በፊት በሌላ ጋራዥ የራዲያተሩ የታች ቱቦ ተቀይሮልኝ ነበር። የቀየረው ሰው የፈሰሰውን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በቧንቧ ውሃ ተክቶ፣ ላስቲኩ የደረቀውን ክዳን መልሶ ገጥሞ እንደሸኘኝ ያወቅሁት ግን መኪናዬ በሌላ መኪና ተጎትቶ አዘዞ ከደረሰ በኋላ ነው። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ተቃጥሎ ነበር። ሰሊጡ ሁለት ቀን ዘግይቶ ገባ፤ የጥገናው ወጪም የሦስት ምልልስ ትርፌን በላው።

የቤቱ ባለቤት እኛ ሹፌሮች «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት ጎሚስታ ናቸው። አብረዋቸው ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ፤ አንደኛው ጎማ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ራዲያተር ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይበይዳል። ቦታው የቆርቆሮ ጥላ፣ ኮምፕሬሰር፣ የተነፋ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) እየጠለቀ የሚፈተሽበት የውሃ ገንዳ እና ሁለት ከባድ መኪና የሚይዝ ግቢ ነው። ከውጭ ለሚያየው ከሌላው ጎሚስታ የሚለየው ነገር የለም።

ልዩነቱ የሚታየው ሥራው ሲጀመር ነው። ያን ቀን ጋሼ ክዳኑን በእጃቸው ይዘው፣ ሞተሬ ከቆላው ይልቅ ዳገቱ ላይ ለምን እንደፈላ አስረዱኝ፤ እኔም ለዓመታት ስነዳ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ውሃ በመተማ ከፍታ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጭልጋ አናት ላይ ግን 93 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ፣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ከፊት የሚገባለት ነፋስ እያነሰ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሞተሩ ይበልጥ የሚሞቅበትና ውሃው ቶሎ የሚፈላበት ቦታ አንድ ሆኖ ይገኛል። ይህን የሚያስታርቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 1 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን በደህና ሁኔታ ላይ ካለ የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ያሳድገዋል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንትም ተጨማሪ ዲግሪዎችን ይሰጣል። ላስቲኩ ደርቆ ግፊት የሚያስተነፍስ ክዳን ግን መኪናውን እንደ ክፍት ድስት ያደርገዋል። በእኔ መኪና የሆነው ይኸው ነው።

በዚህ ቤት ክዳኑ በግፊት መለኪያ ሳይፈተሽ ራዲያተር ተሠራ አይባልም። ራዲያተሩን የሚያጥቡትም ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ ነው፤ የሰሊጥ እብቅ፣ አቧራና ነፍሳት የሚገቡት ከፊት በመሆኑ በገቡበት መንገድ እንዲወጡ ያደርጋሉ። በኃይለኛ ግፊት የሚያጥቡ ቤቶች ስሶቹን ክንፎች አጣጥፈው አየር እንዳያልፍ እንደሚያደርጉ ብዙ መኪና ላይ አይቻለሁ። እዚህ ውሃው ለስለስ ያለ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ለኩላንት መቀላቀያ የሚጠቀሙት የተጣራውን የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር ለማሳየት የተፈታ አሮጌ ራዲያተር ከግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። ወጣት ሹፌሮች ሁሉ ቢያዩት እመኛለሁ።

ስለ ጎማ ያላቸው ሥርዓት ደግሞ መጀመሪያ ላይ አስቀይሞኝ ነበር። ከባሕር ዳር ተመልሼ በጠራራ ፀሐይ ገብቼ «ጋሼ፣ ንፋሱን ያዩልኝ፤ ነገ ወደ መተማ ነኝ» ስላቸው፣ ጎማውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሳትነዳው እንለካዋለን፤ አሁን ብለካልህ የምለካው ፀሐይዋን ነው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ጠዋት በ10 ዲግሪ ብርድ 110 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ መተማ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን፣ ከመንገዱ የሚያገኘው ሙቀት ሳይጨመር እንኳ 120 ገደማ ያነባል። ይህ ጭማሪ የሚጠበቅና ጎማው ተሰልቶ የተሠራበት ነው። ብዙ ሹፌር ግን ገንዳ ውሃ ላይ ቁጥሩን አይቶ ይደነግጥና ንፋስ ያስተነፍሳል፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ሽቦና ጎማ ያላቅቃል፤ በሙቀት የሚፈነዳው ጎማ በአብዛኛው ንፋስ ያነሰው ነው።

ከንፋሱ ቀጥሎ የሚያዩት ዕድሜውን ነው። በጎማው ጎን ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2319 የሚለው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልበላ ቢሆንም ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀን ጎማ ፊት ላይ አይገጥሙም፤ ገንዘብ ቢጨመርላቸውም አይገጥሙም። በኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከልም ድንጋይ መግባቱን በባትሪ አብርተው ይፈትሻሉ፣ የሁለቱን ቁመት በገመድ ያስተያያሉ፤ አንዱ ካጠረ ሌላው ብቻውን ጭነቱን ተሸክሞ ይጋያልና።

የፍሬን ሥራ የእነሱ ዋና ሙያ ባይሆንም ጎማ ሲያወልቁ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ) ሳያዩ አይመልሱትም። ወደ ቆላ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ፔዳሉን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ታምቡሩን ያግለዋል፤ የጋለ ታምቡር ይሰፋና ከፍሬን ሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ይላላል። በፍሬን ዘይት በሚሠሩት አነስተኛ ኢሱዙዎች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ጋሼ ታምቡሩ ላይ የመቃጠል ሰማያዊ ቀለም ካዩ ሹፌሩን ለብቻው ጠርተው በስንተኛ ማርሽ እንደሚወርድ ይጠይቁታል። የሚቆጡት ረዳቱ በማይሰማበት ነው፤ ይህን አክባሪነታቸውን እወድላቸዋለሁ።

ባትሪና ቺንጋ በፍጥነት ያያሉ፤ በዚህ ረገድ ከሌሎች ብዙም አይለዩም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ለሰውየውም ማሰባቸው ነው። የቆላው ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ በ40 ዲግሪ የሚነዳ ሹፌር ራሱን ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ቁልቁለቱ ላይ የሚወስነው ውሳኔም ይዘገያል። ጋሼ ራሳቸው ጿሚ ናቸው፤ ማንንም ጾምህን ግደፍ አይሉም። የሚጾመውን ሹፌር ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ከቀትር በፊት እንዲገባ፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር እንዲያርፍ፣ ካልሆነለትም ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር ይነግሩታል። ለሞተሩ ከሚያዘው ውሃ የተለየ የመጠጥ ጀሪካን ስለመያዙም ይጠይቃሉ። ረዳቶችን ደግሞ የፈላ ራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዘው እንዳይከፍቱ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፤ ፊቱ የተቃጠለ ልጅ አይተዋልና።

ጉድለቶቹን መደበቅ ለቤቱም ለሹፌሩም አይጠቅምም። ዋጋቸው ከአካባቢው ከፍ ይላል፤ ከሥራው በፊት ስለሚነግሩ ቅር ባይለኝም የተሠራውን ዘርዝረው በደረሰኝ አይጽፉም፤ የመኪናው ባለቤት ሌላ ሰው ለሆነበት ሹፌር ይህ ከባድ ነው። ኩላንት ሲያልቅባቸው ሌላ ነገር አይተኩም፣ ይህ ደግ ነው፤ አስቀድመው ግን አያስመጡም፤ አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጠብቄያለሁ። ተሳቢ ያለው መኪና ግቢው ውስጥ መዞር አይችልም፤ በመንገዱ ዳር ቆሞ ሲሠራ አላፊ መኪና ለልጆቹ ያሰጋል።

ትልቁ ችግር ሰዓቱ ነው። ጎማ በጠዋት ሳይሞቅ ይለካ የሚል ቤት በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ላይ ነው። ለካክቶ እስኪጨርስ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ የተነሳ ጭነት ገንዳ ውሃ የሚደርሰው እሳቸው ራሳቸው አትንዱበት በሚሉት የቀን ሙቀት ውስጥ ነው። ቅሬታዬን ስነግራቸው ልጆቹ ከሩቅ በእግር እንደሚመጡና ሌሊት ሊያስወጧቸው እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ልክ ናቸው፣ ችግሩ ግን አልተፈታም።

ስለዚህ አሁን መኪናዬን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ወስጄ ራዲያተሩን፣ ክዳኑንና የጎማዎቹን ጎን አሳያለሁ፤ ንፋሱን ግን ሌሊት 11 ሰዓት፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ በራሴ መለኪያ እለካለሁ። መለኪያዬን ከእሳቸው መለኪያ ጋር አስተያይተውልኛል፤ 2 ፒኤስአይ አሳንሶ ስለሚያነብ ይህንኑ በነጭ ቀለም ጀርባው ላይ ጽፈውበታል፤ ለዚህ ሥራ ያስከፈሉኝ ነገር የለም።