የለንደኑን የጡብ ቤት ላዳኑልን ግንበኛ ምስጋና፤ አሮጌ ቤት ላላችሁም ጥቆማ

እኚህን ግንበኛ በአደባባይ እግዜር ይስጥልን ሳንል ብንቀር ነውር ይሆንብናል። ለንደን ኢዝሊንግተን ውስጥ በ1790ዎቹ የተሠራውን፣ በቅርስነት የተመዘገበውን የጡብ ቤት ከእርጥበት ገላግለውታል። እጃቸው ይባረክ! እንዲህ ባለ ቤት ለምትኖሩም ለምታስተዳድሩም ወገኖች፣ ሌላ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት እሳቸውን ጥሩ።

ከእሳቸው በፊት የመጡትን ስማቸውን አላነሳም፤ ያደረሱት ጉዳት ግን መነገር አለበት። የመጀመሪያዎቹ የጡቡን መጋጠሚያ በግራይንደር ቀደዱት። ቀጭኑ መስመር እጥፍ ሰፋ፣ የጡቦቹ ጠርዝ ተሸራረፈ፣ ክፍተቱም በሲሚንቶ ተደፈነ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 ነው፤ ይህ ቤት ከዚያ በፊት በኖራ የቆመ ነው። የዚያ ዘመን ጡብ በእጅ የተሠራ፣ ለስላሳና ውሃ የሚጠጣ ሲሆን የጠጣውን መልሶ የሚያወጣው በኖራው መጋጠሚያ በኩል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲታፈን ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። ሁለተኞቹ ደግሞ እርጥበቱ ከመሬት ይወጣል ብለው ግድግዳውን ከግርጌው በስተው ኬሚካል ወጉት፤ ውስጡንም በሲሚንቶ ለሰኑት። እርጥበቱ ይወርድ የነበረው ግን ከላይ ነው። ከጣራ ለሚወርድ ውሃ መሠረቱ ላይ መድኃኒት መውጋት፣ ለዚያውም ያን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ! እስካሁን ያንገበግባል።

እኚህ ሰው ሆን ብለው የመጡት ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነበር። ጡቡን ገና ሳይነኩ ወደ ጣራው ወጡ። በ1707 የወጣው የለንደን ሕግ እሳት እንዳይዛመት ከጣራ ጠርዝ የሚወጣውን የእንጨት ክፈፍ ስለከለከለ፣ የፊት ግድግዳው ከጣራው በላይ ከፍ ብሎ ጣራውን ይጋርደዋል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የተደበቀ አሸንዳ አለ፤ ከመንገድ ስለማይታይ ማንም አያስታውሰውም። መውጫውን የርግብ ጎጆና ቅጠል ዘግቶት ነበር፤ በእጃቸው ጠረጉት። ዋናውን ነገር ያገኙት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ የእርሳሱ ሉህ ባንድ ወጥ ተነጥፎ ተሰንጥቋል። እርሳስ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሉህ ከ1.5 ሜትር ባይበልጥና በሉህና በሉህ መካከል ደረጃ ቢኖር ነው የሚበጀው።

ከዚያ ያሉት ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። «አሁን አሸንዳውን ብቻ አሠሩ። ግድግዳው በጋውን ይድረቅ፤ ለጡቡ ዛሬ አትክፈሉኝ» አሉ። ሲመለሱም ግድግዳውን በእንጨት መዶሻ ከላይ እስከ ታች እያንኳኩ አዳመጡትና ሲሶውን ብቻ እንደሚነኩ ነገሩን፤ የቀረው አሮጌ ኖራ ደህና ነው፣ አይነካ። የራሱን ሥራ በራሱ አንደበት የሚቀንስ ባለሙያ ከየት ይገኛል?

ሥራቸውን በዝርዝር የምጽፈው ሌላ ግንበኛ ብትቀጥሩም መለኪያ እንዲሆናችሁ ነው። መጋጠሚያውን የከፈቱት በመዶሻና በጠባብ መሮ ነው፤ ጥልቀቱ ቢያንስ የስፋቱ እጥፍ፣ እዚህ ወደ 25 ሚሊሜትር። ጠርዙን ሳይሰብር የማይወጣ ሲሚንቶ ሲያጋጥማቸው፣ ራሱ እስኪላቀቅ ብለው ተዉት። ውህዱ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ ደቃቅና ሻካራ የተቀላቀለበት አሸዋ ነው። (የጎንደርን ግንቦች ያቆመውም ያው ኖራ ነው፤ ለእኛ እንግዳ አይደለም።) አስቀድመው አንድ ካሬ ሜትር ናሙና ሠርተው የካውንስሉ (የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) የቅርስ ባለሙያ አይቶ አጸደቀው። ግድግዳውን አርጥበው ኖራውን በጠባብ ብረት ጠቀጠቁት፤ ጠንከር ሲል በደረቅ ብሩሽ መታ መታ አደረጉትና ለቀናት እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል፤ ከ5 ዲግሪ በታችም አይሠራም።

የመስኮቶቹ ጠፍጣፋ ቅስት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ጡቦቹ ተሞርደው የተገጠሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኖራ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። አንዱ ቅስት ተንሸራቶ ስለነበር እያንዳንዱን ጡብ ቁጥር ጽፈው አወረዱ፤ በየቦታው መልሰው በተነከረ ኖራ ገጠሙት። የት ጋ እንደተነካ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ሲያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሰጠ ቦታም ነበር። በዚህ ዓይነት ግድግዳ ረጅምና አጭር የጡብ ፊት እየተፈራረቀ ይታያል፤ አጭሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፊቱን ከኋላው ጋር ማሰር ነበረበት። የዘመኑ ሠሪዎች ግን ውድ ጡብ ለመቆጠብ ብዙውን ለሁለት ይሰብሩት ስለነበር ፊቱ ሳይታሰር ይቀርና ይነፋል። እሳቸው ሳያፈርሱ በማይዝግ ብረት ዘንግ አሰሩት።

በእንግሊዝ የተመዘገበ ቤት መልክ በሚለውጥ ሥራ ላይ ያለ ፈቃድ መነሳት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ካውንስሉን ጠይቁ። በ1877 የተመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርም በስልክ ነፃ ምክር ይሰጣል። የግንበኛውን ቁጥር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኖራ ሥራ የሚያመቸው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ስለሆነ ቀጠሮ በጊዜ ያዙ።